ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ፦ ናኖ መዋቅሮች የሚችሉትና የማይችሉት

በአዲስ አበባ ብዙ ሕንፃዎች የለበሱት አንጸባራቂ መስታወት ቀን ቀን በውጭ ለቆመ ሰው የራሱን መልክ ያሳየዋል እንጂ የውስጡን አያሳየውም፤ በውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ግን መንገዱንና አላፊ አግዳሚውን በግልጽ ያያል። ከዚህ ተነስተው ብዙ ሰዎች መስታወቱ ብርሃንን ወደ ውስጥ ብቻ የሚያሳልፍ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በመስታወቱ ላይ ያለው እጅግ ስስ ሽፋን ከሚያርፍበት ብርሃን ከፊሉን ይመልሳል፣ ጥቂቱን ይመጥጣል፣ የቀረውን ያሳልፋል፤ የሚያሳልፈውም ድርሻ ከውጭ ወደ ውስጥም ሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ እኩል ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የፀሐይ ብርሃን ከቢሮው መብራት እጅግ የበረታ መሆኑ ብቻ ነው። ማታ የክፍሉ መብራት በርቶ ውጭው ሲጨልም የተመለከተ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ያን ጊዜ ከመንገድ ላይ ወንበሩም ሰውየውም ይታያሉ፣ በውስጥ ያለው ሰው ደግሞ በመስታወቱ ላይ የሚያየው ራሱን ነው።

ይህ የአንድ ዓይነት መስታወት ጠባይ ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ነው። ኔዘርላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንድሪክ ሎሬንትዝ በ1896 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኤሌክትሪክን፣ የማግኔትንና የብርሃንን ጠባይ ከሚገልጹት የማክስዌል እኩልታዎች ተነስቶ ያረጋገጠው፣ ሬሲፕሮሲቲ የሚባለው ሕግ፣ የብርሃን ምንጭ በአንድ ቦታ መቀበያው በሌላ ቦታ ሆኖ የተለካው የብርሃን መጠን፣ ምንጩና መቀበያው ቦታ ቢቀያየሩም አይለወጥም ይላል። በመካከል ያለው ነገር ሌንስ ቢሆን፣ የቆሸሸ መስታወት ቢሆን፣ ብርሃን የሚመጥ ጥቁር ፕላስቲክ ቢሆን፣ ወይም በላቦራቶሪ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሱበት የሲሊኮን ንጣፍ ቢሆን ሕጉ ያው ነው። የሚጠይቀው ሦስት ቅድመ ሁኔታዎችን ብቻ ነው፦ ቁሱ በማግኔት ተጽዕኖ ሥር ያልሆነ፣ ጠባዩ ከጊዜ ወደ ጊዜ የማይለዋወጥ፣ ለደካማም ሆነ ለብርቱ ብርሃን በተመሳሳይ ስሌት ምላሽ የሚሰጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ብርሃንን በእውነት አንድ አቅጣጫ ለማስያዝ የሚፈልግ መሐንዲስ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን ማፍረስ ግድ ይለዋል። ቅርጽ ብቻውን፣ የቱንም ያህል ጥበብ ቢፈስበት፣ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ይህን ያህል የሚደከምለት ለምንድን ነው ቢባል፣ ዋናው ምክንያት ሌዘር ነው። ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ወይም ከአየር ወደ መስታወት በቀጥታ ሲሻገር ከመቶ አራት ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። አራት ከመቶ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሌዘር ማለት በውስጡ የሚመላለሰውን ብርሃን እያጎላ የሚሠራ መሣሪያ ስለሆነ፣ ከውጭ ተመልሶ የሚገባውንም ብርሃን የራሱ ነው ብሎ ያጎላዋል። ከዚህ እጅግ ያነሰ ተመላሽ ብርሃን እንኳ ሲገባበት የሌዘሩ ድግግሞሽ መዝለል ይጀምራል፣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መልእክት የሚሸከም ከሆነም መልእክቱ በጩኸት ይሞላል። ብረት ለመቁረጥ በሚያገለግሉ ብርቱ ሌዘሮች ላይ ደግሞ ተመላሹ ብርሃን የሌዘሩን የውስጥ አካል እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችላል። በዚህም ምክንያት በፋይበር ኦፕቲክ ኔትወርክ ላይ መረጃ በሚልኩ ብዙ የሌዘር መሣሪያዎች ፊት አይሶሌተር የሚባል፣ ብርሃንን የሚያስወጣ እንጂ የማያስገባ ጥቃቅን ዕቃ ይቀመጣል። ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ለኤሌክትሪክ የሚሠራውን እርሱ ለብርሃን ይሠራል።

አይሶሌተሩ የሚያፈርሰው የመጀመሪያውን ቅድመ ሁኔታ ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1845 ለንደን ውስጥ እርሳስ የበዛበት ከባድ መስታወት በብርቱ ማግኔት አጠገብ አስቀምጦ ብርሃን ሲያሳልፍበት የብርሃኑ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ሞገዱ የሚርገበገብበት አቅጣጫ፣ እንደሚዞር አስተዋለ። ፖላራይዜሽንን ማዞር በራሱ ብርቅ አይደለም፤ በውኃ የሟሟ ስኳርም ያደርገዋል። ልዩነቱ የሚታየው ብርሃኑ ከመመልከቻ መስታወት ላይ ተንጸባርቆ በመጣበት መንገድ ሲመለስ ነው። ስኳሩ በመሄጃው ያዞረውን በመመለሻው መልሶ ይፈታዋል፣ ብርሃኑም እንደነበረ ሆኖ ይወጣል። ማግኔቱ ግን የማዞሪያውን አቅጣጫ የሚወስነው በራሱ መስክ እንጂ በብርሃኑ ጉዞ ስላልሆነ፣ በመሄጃው 45 ዲግሪ ያዞረውን በመመለሻው ሌላ 45 ዲግሪ ይጨምርበታል። እንግዲህ በመግቢያው ላይ አንድ ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃንን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ)፣ በመውጫው ላይ በ45 ዲግሪ ያዘመመ ሌላ ፖላራይዘር ቢደረግ፣ ወደ ፊት የሚሄደው ብርሃን ሁለቱንም ያልፋል፤ የሚመለሰው ግን መግቢያው ላይ ሲደርስ በድምሩ 90 ዲግሪ ዞሮ ስለሚገኝ በሩ ይዘጋበታል። በገበያ ላይ ያለ ደህና አይሶሌተር ከተመላሹ ብርሃን ከሺህ አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ያሾልካል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ በሁለቱ ወገን ካሉት እኩል የሞቁ አካላት አንዱ እየሰጠ ሳይቀበል ይቀዘቅዛል፣ ሌላው እየተቀበለ ሳይሰጥ ይሞቃል፤ ይህ ደግሞ ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ አካል አይፈስም ከሚለው ከሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ጋር ይጋጫል። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬሌይ በ1901 ይህንኑ ጉዳይ አንስቶ ጽፎበታል። መልሱ የታገደው ብርሃን የት ይገባል በሚለው ውስጥ ይገኛል። የታገደው ብርሃን አይጠፋም፤ ወይ ፖላራይዘሩ መጥጦት ሙቀት ይሆናል፣ ወይም በጎን በኩል ወጥቶ በሦስተኛ መንገድ ይሄዳል። በጎን የሚያስወጣ በር በጎን ያስገባልም፤ የሚመጥ አካልም ሲሞቅ መልሶ ያመነጫል፤ ሁሉም ሲደመር ሒሳቡ ይገጥማል። በግሌ የአይሶሌተርን ነገር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም እላለሁ፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል የተባለ መሣሪያ የታገደውን ብርሃን የት እንደሚጥለው ካልተነገረለት፣ ወሬውን በጥርጣሬ ማየት ይገባል።

የማግኔቱ መንገድ ይህን ያህል ከሠራ ሌላ ለምን ይፈለጋል? ችግሩ መጠኑ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት ክሪስታሎች አንዱ የሆነው ቴርቢየም ጋሊየም ጋርኔት፣ 1064 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሞገድ ርዝመት ላለው ብርሃን፣ በአንድ ቴስላ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ በእያንዳንዱ ሜትር 40 ራዲያን ያህል ያዞራል። 45 ዲግሪ ማለት 0.785 ራዲያን ስለሆነ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም ክሪስታል፣ ከዚያም በላይ ክሪስታሉን የሚከብ ብርቱ ማግኔት ያስፈልጋል ማለት ነው። በፋይበር መገናኛ በሚሠራበት 1550 ናኖሜትር ላይ የሚያገለግሉት የብረት ጋርኔቶች ከዚህ በብዙ እጅ ያጠሩ ናቸው። ሆኖም በአንድ የሲሊኮን ቺፕ ላይ ያለው የብርሃን መተላለፊያ ስፋቱ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ነውና፣ ለዚህ ዓለም ሚሊሜትርም ግዙፍ ነው። በተጨማሪም ጋርኔትና ሲሊኮን አይዋደዱም፤ የአተሞቻቸው አደራደር አይገጥምም፣ ሲሞቁ የሚለጠጡበት መጠንም ይለያያል፤ ስለዚህ አንዱን በሌላው ላይ ለማብቀል ሲሞከር ንጣፉ ይሰነጠቃል። የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ጋርኔትን በሲሊኮን ቺፕ ላይ አብቅለው አይሶሌተር መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ማግኔቱ ግን አሁንም አልቀረም።

ናኖ መዋቅሮች ወደ ጉዳዩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ሜታሰርፌስ የሚባለው ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በሚያንስ ርቀት የተደረደሩ ጥቃቅን ምሰሶዎች ወይም ቀዳዳዎች ያሉበት ስስ ንጣፍ ነው። ለ1550 ናኖሜትር ብርሃን እያንዳንዱ ምሰሶ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ይሆናል። ብርሃኑ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አይለያቸውም፤ የሚሰማው የድምር ውጤታቸውን ነው። ስለዚህ ቅርጻቸውንና አደራደራቸውን በመለወጥ ቁሱ በተፈጥሮው የሌለውን ጠባይ መስጠት ይቻላል፤ በተለይም ብርሃኑ ወዲያው አልፎ እንዳይሄድ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን በንጣፉ ውስጥ ተይዞ ደጋግሞ እንዲርገበገብ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሬዞናንስ የሚባለው ነው፤ ጥቅሙም ደካማ የነበረን ውጤት ማጉላቱ ነው። መዋቅሩ የሎሬንትዝን ሕግ አይሽርም፤ ሕጉን በሌላ መንገድ ለማፍረስ የሚከፈለውን ዋጋ ግን ይቀንሳል።

ይህን ልዩነት ባለመለየት ባለሙያዎችም ተሳስተዋል። በ2006 በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ዙሪያ ክብ ፖላራይዜሽን ያለው፣ ማለትም የሚርገበገብበት አቅጣጫ እየዞረ የሚሄድ ሞገድ በአንድ ጠፍጣፋ መዋቅር ውስጥ ሲያልፍ ከፊት ሲመጣና ከኋላ ሲመጣ የሚተላለፈው መጠን እንደሚለያይ አሳዩ። ግኝቱ እውነተኛ ነው፤ ሕግ ግን አልተጣሰም። መዋቅሩ የፖላራይዜሽኑን ዓይነት ይለውጣልና፣ ከኋላ የተላከው ብርሃን ከፊት ገብቶ በወጣው ብርሃን መልክ አልተላከም፤ በወጣበት መልክ ቢላክ ኖሮ ያለ ልዩነት ይመለስ ነበር። ከዚህ የባሰ ክርክር የተነሳው በ2011 ነው። ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ ማግኔት በሌለው ቀላል የሲሊኮን መተላለፊያ ላይ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ተለይቶ ሲጓዝ መታየቱን ገለጸ። በ2012 መጀመሪያ የስታንፎርዱ ሻንሁዊ ፋንና ሌሎች የዘርፉ ሰዎች በዚያው መጽሔት መልስ ሰጥተው፣ መሣሪያው የሬሲፕሮሲቲን ሕግ እንደሚያከብርና ለአይሶሌተርነት እንደማይበቃ በስሌት አስረዱ። በዓመቱም በርካታ ሊቃውንት ተሰባስበው፣ አይሶሌተር የሚባለውና የማይባለው የትኛው እንደሆነ የሚያብራራ ጽሑፍ ኔቸር ፎቶኒክስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። ዋናው መመዘኛቸው አይሶሌተር የተባለ መሣሪያ የሚመለሰውን ብርሃን በየትኛውም መልክ ቢመጣ ማገድ አለበት የሚል ነው። ነጸብራቅ መልኩን መርጦ አይመጣምና፣ መመዘኛው ተገቢ ነው።

ማግኔት ካልተፈለገ የሚቀረው ሁለተኛው መንገድ የቁሱን ጠባይ በጊዜ መለወጥ ነው። ዞንግፉ ዩና ሻንሁዊ ፋን በ2009 ያቀረቡት ሐሳብ፣ በሲሊኮን መተላለፊያው ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ተጓዥ ሞገድ ማስነሳት ነው፤ ይህ ሞገድ በሄደበት ሁሉ የሲሊኮኑን ብርሃን የመስበር መጠን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ከሞገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚጓዝ ብርሃን፣ ከሚሄድ ታክሲ ጎን ለጎን እንደሚሮጥ ሰው፣ ፍጥነቱ ከገጠመለት ይሳፈራል፤ ማለትም ድግግሞሹንና የጉዞ መልኩን ይለውጣል። በተቃራኒ የሚመጣው ግን ሳይገናኘው ያልፋል። ከዚያ በኋላ መልኩን የለወጠውን ብርሃን በማጣሪያ መለየት ይቻላል። በ2012 የዚህ ሐሳብ መሠረታዊ ነጥብ በሲሊኮን ቺፕ ላይ በሙከራ ታይቷል። ይህ መንገድ ንጹሕ ነው፤ ለደካማም ለብርቱም ብርሃን ይሠራል። ነገር ግን ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው የኤሌክትሪክ ምልክት ያለማቋረጥ መመገብ፣ የየክፍሎቹንም ጊዜ በጥንቃቄ ማስተካከል ይጠይቃል።

ሦስተኛው መንገድ በሜታሰርፌስ ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚሠራበት ነው። ማግኔትም ሽቦም አይፈልግም፤ የሚንተራሰው ብርቱ ብርሃን ራሱ ቁሱን በመለወጡ ላይ ነው። በ2012 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሁለት ጥቃቅን የሲሊኮን ቀለበቶች ይህን በቺፕ ላይ አሳይተው ነበር። በ2024 ደግሞ የኒው ዮርክ ሲቲ ዩኒቨርሲቲና የኔዘርላንዱ አሞልፍ ተቋም ተመራማሪዎች ያለ ማግኔት፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ከአንድ ስስ የሲሊኮን ሜታሰርፌስ ብቻ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘታቸውን ኔቸር ፎቶኒክስ ላይ አወጡ። የአሠራሩ ብልሃት ቀረብ ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው።

ብርሃኑ ደካማ ሲሆን ንጣፉ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሳልፈው መጠን እኩል ነው፤ ሕጉ ይህን ያስገድዳል። ሕጉ የማያስገድደው ነገር አለ፦ በንጣፉ ውስጥ የሚከማቸውና የሚመጠጠው ብርሃን በሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል መሆን የለበትም። ንጣፉ ፊትና ኋላው እንዲለያይ ተደርጎ ከተሠራ፣ ከፊት የመጣው ብርሃን ብዙ ሊከማችና ብዙ ሊመጠጥ፣ ከኋላ የመጣው ግን በአብዛኛው ተንጸባርቆ ሊመለስ ይችላል። የተመጠጠው ብርሃን ሲሊኮኑን ያሞቀዋል፤ ሲሊኮን በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ብርሃን የመስበር መጠኑ በ0.00018 ያህል ይጨምራል። ይህ ኢምንት ነው፤ ሬዞናንስ ጥቅሙ የሚታየውም ለዚህ ነው። ለምሳሌ ሬዞናንሱ በ1550 ናኖሜትር ላይ ሆኖ ስፋቱ፣ ማለትም የሚሠራበት የሞገድ ርዝመት ክልል፣ የዚህ አንድ ሺህኛ ወይም 1.55 ናኖሜትር ነው እንበል። ሬዞናንሱ በራሱ ስፋት ልክ እንዲሸሽ የሲሊኮኑ ብርሃን የመስበር መጠን፣ 3.5 የሚሆነው፣ በአንድ ሺህኛው ማለትም በ0.0035 መለወጥ አለበት። ይህን በ0.00018 ብናካፍለው ሃያ ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ከፊት የመጣው ብርሃን ንጣፉን በሃያ ዲግሪ ካሞቀው ሬዞናንሱ ከብርሃኑ ይሸሻል፣ የተዘጋው ይከፈታል፤ ከኋላ የመጣውና ያን ያህል ያላሞቀው ብርሃን ግን እንደተዘጋበት ይቀራል። ኃይላቸው እኩል የሆነ ሁለት ጨረሮች ከሁለት ወገን በየተራ ቢላኩ አንደኛው ያልፋል፣ ሌላው ይታገዳል። በዚያው በ2024 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሌላ ሥራ ከሲሊኮኑ ጋር ቫናዲየም ዳይኦክሳይድን ተጠቅሟል፤ ይህ ቁስ በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከኤሌክትሪክ ከልካይነት ወደ ብረትነት የሚገለበጥ ስለሆነ ለሙቀት የሚሰጠው ምላሽ ከሲሊኮን እጅግ የበረታ ነው።

የሚከፈለው ዋጋም አለ፤ የዜና ዘገባዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘሉትም እርሱን ነው። መሣሪያው የሚለየው በተወሰነ የኃይል ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ብርሃን በሁለቱም በኩል እኩል ያልፋል ወይም እኩል ይታገዳል፣ ከዚያ የበለጠውም እንዲሁ። በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ያለው ልዩነት እንዲሰፋና ክልሉ እንዲረዝም ሲፈለግ ደግሞ ወደ ፊት የሚያልፈው መጠን ይቀንሳል፤ ሦስቱንም በአንድ ሬዞናንስ ብቻ ማግኘት አይቻልም። ከዚህም የከፋ ነገር ዩ ሺ፣ ዞንግፉ ዩና ሻንሁዊ ፋን በ2015 አሳይተዋል፦ ብርቱው ብርሃን ወደ ፊት እየተጓዘ በሩን ከፍቶ ባለበት ቅጽበት ከኋላ ደካማ ብርሃን ቢመጣ በተከፈተው በር ሾልኮ ይገባል። ሌዘር በተከታታይ እየበራ ነጸብራቁ የሚመለሰው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ነው። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ያለማቋረጥ የሚበራን ሌዘር ከራሱ ነጸብራቅ ለመጠበቅ አያገለግልም፤ የሚያገለግለው የመሄጃውና የመመለሻው ብርሃን በየተራ በሚመጡበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ በአጭር የብርሃን ምት በሚሠራ የርቀት መለኪያ ላይ፣ የሚወጣውን ብርቱ ምት ወደ አንድ መንገድ፣ ቆይቶ የሚመለሰውን ደካማ ምት ወደ መቀበያው ለመምራት።

ይህ ሁሉ ሲታይ፣ ናኖ መዋቅር ያለው መስታወት በቤት መስኮት ላይ ተገጥሞ የፀሐይን ሙቀት ያስገባል እንጂ አያስወጣም የሚለው ተስፋ ከየት ላይ እንደሚሰናከል ግልጽ ይሆናል። አንድ 10 ሚሊዋት ሌዘር 10 ማይክሮሜትር ስፋት ባለው ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ከ100 ሚሊዮን ዋት በላይ ይሆናል፤ የቀትር ፀሐይ ግን በስኩዌር ሜትር 1000 ዋት ያህል ብቻ ነው። ከመቶ ሺህ እጅ በላይ የሚያንስ ብርሃን ሬዞናንሱን ከቦታው አያነቃንቀውም። የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ከአንድ ቀለም ሳይሆን ከብዙ የሞገድ ርዝመት የተውጣጣ ሲሆን፣ ከላይ ያየነው ሬዞናንስ የሚያውቀው 1.55 ናኖሜትር ስፋት ብቻ ነው። ሙቀት እንዳያወጡ ተብለው ዛሬ የሚሸጡት መስታወቶች የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው፤ የሚታየውን ብርሃን ያሳልፉና ከክፍሉ የሚወጣውን ረጅም ሞገድ ወደ ውስጥ ይመልሳሉ፤ የሚለዩት በሞገድ ርዝመት እንጂ በአቅጣጫ ስላልሆነ ከሎሬንትዝ ሕግ ጋር አይጋጩም።

ደካማ ብርሃንንም ያለ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ማስያዝ የሚፈልጉ ሰዎች አሁን ወደ ማግኔት እየተመለሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ማግኔቱ ከውጭ የሚደረግ ሳይሆን በመዋቅሩ ውስጥ የሚገባ ነው። በፊንላንድ የአልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚገኙበት ቡድን በ2024 ያቀረበው ንድፍ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ማግኔትነት ያለ ውጫዊ መስክ ይዘው የሚቆዩ ናኖሜትር መጠን ያላቸው የኮባልት ቅንጣቶችን ይጠቀማል። ከቅድመ ሁኔታዎቹ የመጀመሪያውን ማፍረስ እስካሁን ብርሃኑ ደካማ ይሁን ብርቱ፣ በየተራ ይምጣ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ተጨማሪ ኃይል የሚሠራ ብቸኛው መንገድ ነው፤ ፋይበር ላይ የተገጠሙት አይሶሌተሮችም ከነክሪስታላቸውና ከነማግኔታቸው በሥራ ላይ ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው።